የልብ ሕክምና መመሪያዎች በበይነ መረብ፤ ከመዝገበ ቃላት ሙያ አንጻር የቀረበ ሂስ

የልብ ሕክምና መመሪያዎችን የሚያዘጋጁት ታላላቅ ማኅበራት፣ ይኸውም በአንድ ወገን የአውሮጳ የልብ ሕክምና ማኅበር፣ በሌላው ወገን የአሜሪካ የልብ ማኅበርና የአሜሪካ የልብ ሕክምና ኮሌጅ፣ ሥራቸውን ከሙያ መጽሔት ገጾች አውጥተው በበይነ መረብና በእጅ ስልክ ለሐኪሙ ለማድረስ ከዐሥር ዓመት በላይ ደክመዋል። ድካሙ የሚያስመሰግን ነው። ሁለቱ የአሜሪካ ማኅበራት በጋራ ያወጡት የመጀመሪያው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ሲሆን፣ የሚመለከተውም የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያን አተካከል ብቻ ነበር። ዛሬ ግን መመሪያዎቹ ዋና ዋናዎቹን የልብ ሕመሞች ሁሉ የሚያዳርሱና ብዙ ምክሮች የተደረደሩባቸው ወፋፍራም ሰነዶች ሆነዋል። ሕመምተኛ ፊቱ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሐኪም ይህን ሁሉ ገልጦ ሊያነብ እንደማይችል የታወቀ ስለሆነ፣ ማኅበራቱ ጽሑፉን ወደ ሠንጠረዥ፣ ሠንጠረዡን ወደ ባለ ቀለም ሣጥን፣ ሣጥኑን ወደ ስልክ ገጽ እያሳጠሩ አቅርበዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚተቸው የሕክምናውን ይዘት አይደለም፤ ያ የሐኪሞች ድርሻ ነው። የሚተቸው አቀራረቡን ነው። ምክንያቱም «በቀላሉ እንዲገኝ ማድረግ» የሚባለው ሥራ እስካሁን በአመዛኙ የታየው እንደ መሐንዲስ ጉዳይ፣ ማለትም እንደ ፍጥነትና እንደ ገጽ ንድፍ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ በእኛ አስተያየት ግን ትልቁ ክፍሉ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ወደ መመሪያው የሚገባው በስም ነው፤ ያገኘውን ምክር ወደ ሥራ የሚለውጠው ደግሞ በግሥ ነው። ስሙ ከተዛባ የሚፈልገውን አያገኝም። ግሡ ከተዛባ ደግሞ ያገኘ ይመስለዋል፤ ይህኛው የባሰ ነው።

በስም እንጀምር። ወደ ልብ ደም የሚያደርሱት የደም ሥሮች ቀስ በቀስ እየጠበቡ ሲሄዱ የሚመጣው የቆየ ሕመም አንድ ነው፤ የመመሪያ ስሙ ግን አንድ አይደለም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2012 «የተረጋጋ የደም እጥረት የልብ በሽታ» ሲሉት፣ አውሮጳውያኑ በ2013 «የተረጋጋ የልብ ደም ሥር በሽታ» አሉት። በ2019 አውሮጳውያኑ «የተረጋጋ» የሚለው ቃል ሕመሙ ሥራውን እንዳቆመ ያስመስላል በማለት ትተውት «ሥር የሰደዱ የልብ ደም ሥር ሲንድሮሞች» አሉት። አሜሪካኖቹም በ2023 የራሳቸውን ስም ጥለው «ሥር የሰደደ የልብ ደም ሥር በሽታ» የሚል ሌላ ስም አወጡ። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ይልቁንም «የተረጋጋ» የሚለውን መተው ተገቢ እንደ ነበር እናምናለን። ነገር ግን በትምህርት ቤት አንዱን ስም የተማረ ሐኪም ያንኑ ስም በመፈለጊያው ሣጥን ቢጽፍ፣ የዛሬውን ሳይሆን የተሻረውን መመሪያ ሊያገኝ ይችላል፤ አሮጌው ሰነድ ከመጽሔቱ መዝገብ አልጠፋምና። «ይህን ስም የፈለግህ እንደ ሆነ ያኛውን ተመልከት» የሚለው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የዕለት እንጀራ የሆነ አመልካች በቦታው ቢገባ ኖሮ ችግሩ ባልኖረ ነበር።

የደስታ ተክለ ወልድን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ያገላበጠ ሁሉ ይህን ነገር ከራሱ ልምድ ያውቀዋል። መጽሐፉ እጅግ ሀብታም ነው፤ የተደረደረው ግን በአበገደ ተራ ስለሆነ በሀለሐመ ፊደል የቆጠረ አንባቢ ቃሉን ሳያገኝ መጽሐፉን የሚያጥፍበት ጊዜ አለ። ሀብቱ ሳይጎድል መንገዱ ብቻ ያስቸግረዋል ማለት ነው።

ከስም ይልቅ የሚያስቸግረው ምኅጻረ ቃል ነው። በልብ ድካም መመሪያዎች ውስጥ ሕመምተኞች የሚከፈሉት የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን እንደሚረጭ በመለካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአውሮጳ መመሪያ ከ40 በመቶ በታች የሆነውን «የቀነሰ»፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን «ያልተጓደለ»፣ በመካከል ያለውን ከ40 እስከ 49 «መካከለኛ» አለውና ለመካከለኛው «ኤች-ኤፍ-ኤም-አር-ኢ-ኤፍ» የሚል ምኅጻረ ቃል ሰጠው። በ2021 የወጣው መመሪያ ምኅጻረ ቃሉን አንዲት ፊደል ሳይነካ ትርጉሙን ለወጠ። «ኤም-አር» ቀድሞ «መካከለኛ» ማለት ነበር፤ አሁን «በመጠኑ የቀነሰ» ማለት ሆነ። ድንበሩም ከ41 እስከ 49 ሆነ። ስለዚህ ልኩ በትክክል 40 የሆነ ሕመምተኛ በ2016ቱ መመሪያ መካከለኛ፣ በ2021ዱ መመሪያ የቀነሰ ነው። ለውጡ የአንድ ቁጥር ብቻ ቢመስልም «መካከለኛ» ያለው ስም ለሁለቱም ወገን እኩል የሚቀርብ ሲሆን፣ «በመጠኑ የቀነሰ» ያለው ስም ግን ሕመምተኛውን ወደ ቀነሰው ወገንና ወደዚያው ወገን መድኃኒቶች ይጎትተዋል። ምኅጻረ ቃሉ ብቻ በሚታይበት የስልክ ገጽ ላይ ይህ ሁሉ ይሰወራል። በመዝገበ ቃላት ሥራ አንድ ቃል አዲስ ፍች ሲያገኝ አሮጌው ፍች ከነዘመኑ ተጽፎ ይቀመጣል እንጂ አይደመሰስም፤ እዚህ የጎደለው ይኸው ነው።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። የሀገራችን ሐኪሞች መመሪያውን የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያስረዱት ግን ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ነው። በእስራኤልና በአሜሪካ ሐኪምና ሕመምተኛ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚም ያው ሸክም አለበት። ስለዚህ መመሪያው በአማርኛ ባይጻፍም በየቀኑ በቃል እየተተረጎመ ነው፤ ያውም ያለ መዝገብና ያለ ተቆጣጣሪ።

ለምሳሌ የደም ግፊትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ የላይኛው ቁጥር ከ120 እስከ 129 የታችኛው ደግሞ ከ80 በታች የሆነውን አንድ መደብ አድርጎ፣ ከ130 በ80 ጀምሮ ያለውን በሽታ ብሎታል፤ በ2025 የታደሰውም ይህንኑ አከፋፈል ይዟል። በ2024 የወጣው የአውሮጳ መመሪያ ያንኑ የመካከለኛ መደብ ስም ወስዶ የላይኛው ቁጥር ከ120 እስከ 139 ወይም የታችኛው ከ70 እስከ 89 ለሆነው ሰጠው፤ በሽታ የሚለው ግን ከ140 በ90 ጀምሮ ነው። በዚህም መሠረት 135 በ85 የተለካ ሰው በአንደኛው መመሪያ በሽተኛ ሲሆን በሁለተኛው አይደለም። በእንግሊዝኛ ቢያንስ ሁለቱ መደቦች የተጠሩባቸው ቃላት ከተለያየ ምንጭ የመጡ ስለሆኑ ዐይን ይለያቸዋል። በአማርኛ ግን የመጀመሪያውን «ከፍ ያለ የደም ግፊት»፣ ሁለተኛውን «ከፍተኛ የደም ግፊት» ብለን ከተረጎምን፣ ሁለቱም ከአንድ ሥር የመጡ ስለሆኑ አድማጩ ልዩነታቸውን ከቶ አያገኘውም። ከዚህም ሌላ በተለምዶ አነጋገራችን «ግፊት አለብኝ» ማለት በሽታው አለብኝ ማለት ነው፤ ግፊት የሌለው ሕያው ሰው እንደሌለ ግን ግልጽ ነው። ልኩና በሽታው በአንድ ቃል ተጠርተዋል።

መፍትሔው ከእጃችን ላይ እንዳለ ይሰማናል። «ደም ብዛት» የሚለውን የሕዝብ ስም አንዳንድ ምሁራን ትክክል አይደለም በማለት ይነቅፉታል፤ በሽታው የደም መብዛት አይደለምና። ነቀፋው አያሳምንም። ስም መግለጫ መሆን አይጠበቅበትም፤ መለያ ከሆነ በቂ ነው። «የደም ግፊት» ለልኩ፣ «ደም ብዛት» ለበሽታው ቢመደብና የመካከለኛው መደብ «ከልክ ያለፈ የደም ግፊት» ቢባል ሦስቱ ነገሮች ሦስት ስም ያገኛሉ። እርግጥ ነው፣ «ደም ብዛት» አንድ አደጋ አለው፤ ተቃራኒው «የደም ማነስ» ይመስላል። ግፊቱ የወረደበት ሰው «ደም አንሶኛል» ሲል የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ግን ቃሉን በመጣል ሳይሆን በመዝገቡ ውስጥ ማስጠንቀቂያ በማኖር የሚታረም ነው።

የባሰው «የልብ ድካም» ነው። ቃሉ ልብ ደምን እንደሚገባው መርጨት ሲያቅተው ለሚመጣው የቆየ ሕመም እጅግ የተስማማ ስያሜ ነው፤ ይልቁንም ከእንግሊዝኛው ስም ይሻላል ማለት ይቻላል፤ እንግሊዝኛው ልብ ሥራውን ፈጽሞ ያቆመ ያስመስላልና። ሆኖም በዜናና በሐዘን ማስታወቂያ ውስጥ «በልብ ድካም ሞተ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የልብ ደም ሥር በድንገት ተዘግቶ የልብ ሥጋ ለሞተበት ሰው ነው። ሁለቱ ሕመሞች የሚጠይቁት ሕክምና የተለያየ ነው። በመጀመሪያው የረጅም ጊዜ መድኃኒት ይታዘዛል። በሁለተኛው ደግሞ ሙሉ መዘጋት በታየበት ጊዜ በአውሮጳ መመሪያ መሠረት ሕመሙ ከታወቀበት ደቂቃ አንሥቶ በ120 ደቂቃ ውስጥ ደም ሥሩን በመሣሪያ መክፈት የሚቻል ካልሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በ10 ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። ቤተ ሰቡ «አባታችን የልብ ድካም አለበት» ብሎ የመጣ እንደ ሆነ፣ ሰሚው ከሁለቱ የቱን ይረዳ? ለድንገተኛው «የልብ ደም ሥር መዘጋት» የሚለውን እናቀርባለን። ረጅም ነው ለሚሉን፣ አጭር ሆኖ ሁለት ነገር ከሚናገር ረጅም ሆኖ አንድ የሚናገር ይመረጣል። «ልቡን ሳተ» የሚለውንም እንዲሁ በዝርዝሩ ማግባት ያስፈልጋል፤ ልብ በዚህ አነጋገር አእምሮ እንጂ ደም የሚረጨው አካል ስላልሆነ፣ ቃል በቃል የተረጎመ አስተርጓሚ ያልታመመ ልብ ያስመረምራል።

አሁን ወደ ግሡ እንለፍ፤ የዚህ ሂስ ዋና ነገር ያለው በዚህ ነውና። መመሪያዎቹ እያንዳንዱን ምክር በደረጃ ይመድባሉ። በአውሮጳው ሥርዐት አንደኛው ደረጃ «ይመከራል»፣ ሁለተኛ ሀ «ሊታሰብ ይገባል»፣ ሁለተኛ ለ «ሊታሰብ ይችላል»፣ ሦስተኛው «አይመከርም» በሚሉ ቋሚ ሐረጎች ይገለጻል፤ ቀለማቸውም በተራ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ነው። ከላይ ያሉትን አራት ሐረጎች ሆን ብለን ቃል በቃል ተርጉመን አቅርበናል። አንባቢ ድምፅ አውጥቶ ያንብባቸው። በአማርኛ «ይገባል» ከ«ይመከራል» ይጠነክራል። ምክርን ሰው ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል፤ የሚገባ ነገር ግን ግዴታ ነው። ስለዚህ ቃል በቃል የተተረጎመው መመሪያ ሁለተኛውን ደረጃ ከአንደኛው በላይ ያወጣዋል። ተርጓሚው አንድም ቃል ሳይሳሳት ሥርዐቱን ገልብጦታል ማለት ነው።

«ይመከራል» ሌላም ጉድለት አለው። «ሕመምተኛው መድኃኒቱን እንዲወስድ ይመከራል» ስንል ተመካሪው ማን ነው? በእንግሊዝኛው ምክሩ የተሰጠው ለሐኪሙ ነው፤ ሥራውም ማዘዝ ነው። በአማርኛው ግን ተመካሪው ሕመምተኛው ይመስላል፤ ሥራውም ቃል መናገር ብቻ ይሆናል። ይህን ዐረፍተ ነገር ያነበበ የጤና ባለሙያ መድኃኒቱን ሳያዝ ሕመምተኛውን መክሮ ቢሸኘው፣ በሰዋስው ረገድ አልተሳሳተም። «ይችላል»ም እንደዚሁ ዐቅምን፣ ፈቃድንና ይሆናልነትን አንድ ላይ ተሸክሟል። እንግሊዝኛው ራሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ «ይገባል» የምንለው ያው አንድ ረዳት ግሥ በአሜሪካኖቹ ሥርዐት ለአንደኛው ደረጃ ሲያገለግል በአውሮጳውያኑ ሥርዐት ለሁለተኛ ሀ ያገለግላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው አሉታው ነው። አሜሪካኖቹ ሦስተኛውን ደረጃ ለሁለት ከፍለው አንዱን «የማይጠቅም»፣ ሌላውን «የሚጎዳ» ብለውታል፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የልብ ድካም መመሪያቸው ውስጥ፣ ልቡ የሚረጨው ደም ለቀነሰበት ሕመምተኛ አምሎዲፒን የሚገኝበት የመድኃኒት ቡድን ለልብ ድካሙ «አይመከርም» ተብሎ «የማይጠቅም» በሚለው ሥር ሲገባ፣ ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም የሚገኙበት ቡድንም «አይመከርም» ተብሎ «የሚጎዳ» በሚለው ሥር ገብቷል። ግሡ አንድ ነው፤ የሚለያቸው በጎን ያለው የደረጃ ምልክት ብቻ ነው። ዐረፍተ ነገሩን ብቻ ቀድቶ ለባልደረባው የላከ ሰው ምልክቱን ጥሎታል። ደም ብዛትም የልብ ድካምም ያለበትን ሰው የሚያክም ባለሙያ፣ የመጀመሪያው ቡድን ለልቡ እንደማይረዳው፣ ሁለተኛው ግን እንደሚጎዳው በግሡ ውስጥ ማንበብ ነበረበት።

አማርኛ ለዚህ ድሀ አይደለም። የትእዛዝ አንቀጻችን ከጥንት ጀምሮ በሕግና በሥርዐት ጽሑፎች የተፈተነ ስለሆነ፣ ለአንደኛው ደረጃ «ይደረግ»፣ ለሁለተኛ ሀ «ቢደረግ ይመረጣል»፣ ለሁለተኛ ለ «ቢደረግ አይነቀፍም»፣ ለማይጠቅመው «አይረባም»፣ ለሚጎዳው «አይደረግ» ብንል፣ ደረጃው ከግሡ ጋር ተሰፍቶ ስለሚሄድ ቀለሙና ምልክቱ ቢጠፉ እንኳ አይጠፋም። «አይነቀፍም» ለጆሮ ያልተለመደ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን ፈቃድን ያለ ግፊት የሚገልጽ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም፤ «ይቻላል» የማይሆንበትን ምክንያት ከላይ አይተናል።

ስለ ማስረጃው አንድ ነገር እንጨምር። ከምክሩ ደረጃ ጎን ማስረጃው ምን ያህል የጸና እንደ ሆነ የሚያሳይ ፊደል አለ፤ በአማርኛ ሁለቱንም «ደረጃ» እያሉ መጥራት ይዘወተራል፤ ይህ መቅረት አለበት። የምክሩን «ደረጃ»፣ የማስረጃውን «ጽናት» ብንል ይለያሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት 2930 የአሜሪካ ምክሮችን ሲመረምር፣ ከሁሉ የጸናው ማስረጃ ያላቸው፣ ማለትም በዕጣ በተደለደሉ ሕመምተኞች ላይ በተደረጉ ከአንድ በላይ በሆኑ ሙከራዎች ወይም ከዚያ በማያንስ መረጃ የተደገፉት፣ 8.5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከ3399 የአውሮጳ ምክሮች ደግሞ 14.2 በመቶ። ስለዚህ አረንጓዴ ሣጥን ሁሉ በሙከራ የተረጋገጠ እውነት አይደለም፤ ብዙው በሊቃውንት ስምምነት የቆመ ነው። በትልቁ ሰነድ ውስጥ ይህ በሰፊው ተብራርቶ ይገኛል። በስልኩ ገጽ ላይ ግን ቀለሙ ከፊደሉ ቀድሞ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜም ዐይን ከዚያ አያልፍም።

የአማርኛ መፈለጊያ ለማዘጋጀት ለሚነሡ አንድ የሥራ ምክር አለን። ስለ ሞክሼ ፊደላት የተደረገው ክርክር ረጅም ስለሆነ እዚህ አንገባበትም፤ ነገር ግን ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሲገባ ሀ፣ ሐና ኀ እንዲሁም ሰና ሠ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ስለተሰጣቸው ለኮምፒዩተሩ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። «ሥር የሰደደ የልብ ደም ሥር ሕመም» የሚለውን ሐረግ በሁለቱ የ«ሥር» ቦታዎች ሥ ወይም ስ፣ በ«ሕመም» ላይ ሕ፣ ህ ወይም ኅ እያደረጉ ቢጽፉት 12 ዐይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። ከ12ቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ መፈለጊያ ጠያቂውን ባዶ እጁን ይመልሰዋል፤ ጠያቂውም መመሪያው የለም ብሎ ይደመድማል። መስተዋድዶቻችንም ከቃሉ ራስ ላይ የሚጣበቁ ስለሆነ «በልብ»፣ «ለልብ»፣ «የልብ»ን ወደ «ልብ» የማይመልስ ሥርዐት አይጠቅምም። ፊደላቱን የማስተካከሉ ሥራ ለመሐንዲሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የስሞቹ ዝርዝር ግን ከእኛ ይጠበቃል። ለአብነት ያህል ሦስቱን እነሆ።

የልብ ድካም፦ ልብ ለአካል የሚበቃ ደም መርጨት ሲያቅተው የሚመጣ የቆየ ሕመም። በዜና ለድንገተኛው ሕመም መነገሩ ስሕተት ነው፤ ለዚያ «የልብ ደም ሥር መዘጋት»ን ተመልከት።

የደም ግፊት፦ ደም በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኀይል ልክ፤ በሁለት ቁጥር ይጻፋል። የበሽታ ስም አይደለም፤ ለበሽታው «ደም ብዛት»ን ተመልከት።

ደም ብዛት፦ የደም ግፊት ለበሽታ ከተወሰነው ልክ ላይ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፤ ልኩ እንደ መመሪያው ስለሚለያይ የመመሪያው ስምና ዓመት አብሮ ይጻፍ። የደም ማነስ ተቃራኒ አይደለም።